ሥራውን ብቻ ሳይሆን ሐሳቡንም ተቀያየሩ፦ ባልና ሚስት የቤት ኃላፊነት የሚለዋወጡበት መንገድ

የቤቱን ኃላፊነት ከባለቤቴ ከተረከብኩ አራተኛ ቀኔ ነበር። እስከዚያች ማታ ድረስ ነገሩ በቁጥጥሬ ሥር ነው ብዬ አምኜ ነበር። ልጆቹ በልተዋል፣ ታጥበዋል፣ መብራት ጠፍቷል። በሩን ልዘጋ ስል ትንሿ ልጄ ከብርድ ልብሱ ውስጥ ብቅ አለችና «አባዬ፣ ነገ ባዶ ካርቶን ይዛችሁ ኑ ተብለናል» አለችኝ።

ካርቶን። በዚያ ሰዓት! ቁም ሣጥን ከፈትኩ። ዕቃ ቤት ገባሁ። በመጨረሻ የራሴን የጫማ ካርቶን አወጣሁና ውስጡ ያጠራቀምኩትን የድሮ ደረሰኝ ሁሉ መሬት ላይ ዘረገፍኩት። ባለቤቴ ሳሎን ተቀምጣ ታየኛለች። አንድም ቃል አልተነፈሰችም። የነገረችኝ በሳምንቱ መጨረሻ ቁጭ ብለን ስናወራ ነው። አልጋችን ሥር ሁልጊዜ ሁለት ባዶ ካርቶን ይቀመጣል። ለዓመታት እንደዚያ ነበር። እኔ በየሌሊቱ እዚያው አልጋ ላይ ስተኛ ከሥሬ ምን እንዳለ አላውቅም ነበር።

ብዙ ባልና ሚስት «ለሳምንት እንቀያየር» ብለው ይጀምሩና አንዱ ዕቃ ያጥባል፣ ሌላው የመብራትና የውሃ ሂሳብ ይከፍላል። ሳምንቱ ሲያልቅ ሁለቱም ደክመዋል። ግን አንዱ ስለሌላው የተረዳው አዲስ ነገር የለም። ዕቃ የሚያጥበው ባል «ቀጥሎ ምን ላድርግ?» እያለ ይጠይቃል፤ ሚስት ትመልሳለች። እንግዲህ ማሰቡ ያው የእሷ እንደሆነ ቀረ ማለት ነው። ከዚህ በታች የማቀርበው አሠራር ማሰቡንም አብሮ ለማስረከብ ነው። እኛ ቤት ሞክረነው፣ ተሳስተንበት፣ እንደገና ያስተካከልነው ነው።

ማሰብ ብቻውን ለምን አይበቃም?

«እኔ እኮ ድካምሽ ይገባኛል» እንላለን። አብዛኛውን ጊዜ አይገባንም። ክፋት ኖሮብን አይደለም። የራሳችንን ድካም ደቂቃ በደቂቃ እናውቀዋለን፤ የሌላውን ግን የምናየው ካለቀ በኋላ ነው። ልብሱን ተጣጥፎ መሳቢያ ውስጥ እናገኘዋለን እንጂ ሲታጠብ፣ ሲሰጣ፣ ሲሰበሰብ አጠገቡ አልነበርንም። የጠገበ የተራበ ያለ አይመስለውም የሚባለው እዚህም ይሠራል።

እ.ኤ.አ. በ1979 ማይክል ሮስ እና ፊዮሬ ሲኮሊ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ካናዳ ውስጥ 37 ጥንዶችን ለየብቻ ጠየቁ። ቁርስ ከማዘጋጀትና ዕቃ ከማጠብ ጀምሮ እስከ ጠብ ማስነሳት ድረስ 20 ነገሮች ተዘረዘሩላቸውና በእያንዳንዱ ላይ የራሳቸውን ድርሻ እንዲገምቱ ተደረገ። ባልና ሚስቱ የሰጡት ድርሻ ሲደመር ከ20ዎቹ በ16ቱ ከመቶ ፐርሰንት በላይ ወጣ። ሁለቱም እየዋሹ አልነበረም። ሰው የራሱን ሥራ ምሳሌ ቶሎ ያስታውሳል። የሌላው አይመጣለትም።

«ታዲያ ራሴን በእሷ ቦታ አድርጌ ላስብ» የሚል ሰው ይኖራል። ደግ ሐሳብ ነው፣ ግን ሩቅ አይወስድም። ታል ኢያል፣ ሜሪ ስቴፈል እና ኒኮላስ ኤፕሊ እ.ኤ.አ. በ2018 የ25 ሙከራዎችን ውጤት አሳትመው ነበር። ራስን በሌላው ቦታ አድርጎ ማሰብ ብቻውን የሌላውን ስሜትና ሐሳብ በትክክል የማወቅ ችሎታን አልጨመረም። የጠቀመው በቀጥታ መጠየቅና መስማት ነው። ስለዚህ በዚህ አሠራር ውስጥ ሥራውን መሥራት አለ፣ መጠየቅም አለ። አንዱን ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ ግማሹ ይቀርባችኋል።

መጀመሪያ ይህን አንብቡ፦ ለማን አይሆንም?

አንዱ ሌላውን የሚፈራበት ቤት ውስጥ ይህን አትሞክሩ። ድብደባ፣ ዛቻ፣ ወይም ገንዘብና ስልክን በመቆጣጠር ማፈን ካለ ኃላፊነት መለዋወጥ ለሚያፍነው ሰው ተጨማሪ ማፈኛ ይሆንለታል። እንዲህ ያለው ቤት የሚያስፈልገው የሚታመን ሰውና የባለሙያ እርዳታ ነው።

እንዲሁም የወለደች እናት ገና ሳትጠነክር፣ አንዳችሁ ታማችሁ ሳለ፣ ወይም ሐዘን ቤቱ ውስጥ እያለ አትጀምሩ። በዚያ ጊዜ መቀያየር ሳይሆን መሸከም ነው የሚያስፈልገው። ትልቅ ጠብ ላይ ሳላችሁም ይቆይ። «እስቲ አንተ ሞክረውና እንይህ!» ተብሎ የተጀመረ ልውውጥ ከመጀመሪያው ቀን ፈተና ይሆናል፤ ፈተና ላይ ያለ ሰው ደግሞ ለማለፍ ይጥራል እንጂ ለመረዳት ጊዜ የለውም።

1. ሁለታችሁም ለየብቻ ጻፉ

አንድ ወረቀት አንተ፣ አንድ ወረቀት አንቺ። 20 ደቂቃ በቂ ነው። ቤቱ እንዲቆም የምታደርጉትን ሁሉ ጻፉ። «ምግብ» ብላችሁ አትለፉት። ምን እንደሚበላ ማሰብ፣ ምን እንዳለቀ ማየት፣ መግዛት፣ ማብሰል፣ ማቅረብ፣ የተረፈውን ማስቀመጥ፣ ሳይበላሽ ማስታወስ። እያንዳንዱ ለብቻው ይጻፍ። በእጅ የማይሠሩትንም አትርሱ፦ የልጁን የክትባት ቀን ማስታወስ፣ የትምህርት ቤቱን የወላጆች ግሩፕ ማንበብ፣ የታመመ ዘመድ ጋር መደወል፣ ወሩ ሳያልቅ ኪራዩ መኖሩን ማረጋገጥ።

ከዚያ በእያንዳንዱ ሥራ አጠገብ አጭር መስመር አስምሩ። አንደኛው ጫፍ «ሙሉ በሙሉ እኔ»፣ ሌላኛው ጫፍ «ሙሉ በሙሉ አንተ» ወይም «አንቺ» ይሁን። ድርሻችሁ ይሆናል የምትሉበት ቦታ ላይ ምልክት አድርጉ። አሁን ወረቀት ተለዋወጡ።

እዚህ ጋ ክርክር ይነሳል፣ የታወቀ ነው። «ይህን እኔ አይደለሁም እንዴ የምሠራው?» የሚለው ድምፅ ከፍ ማለት ሲጀምር የካናዳዎቹን ጥንዶች አስታውሱ። ማን ትክክል እንደሆነ ዛሬ አይወሰንም። ምልክታችሁ በጣም የተራራቀባቸውን ሦስት ሥራዎች ብቻ አክብቡ። ለመቀያየር የሚበጁት እነሱ ናቸው፣ ምክንያቱም አንዳችሁ የማታዩት ነገር ያለው እዚያ ነው።

2. ከጫፍ እስከ ጫፍ ያለውን ውሰዱ

የዚህ ሁሉ ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው፣ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

አሊሰን ዳሚንገር የተባሉ የማኅበረሰብ ጥናት ባለሙያ 35 ጥንዶችን አነጋግረው እ.ኤ.አ. በ2019 ባሳተሙት ጥናት የቤትን የሐሳብ ሥራ በአራት ከፍለውታል። የሚያስፈልገውን አስቀድሞ ማየት አለ። አማራጭ መፈለግ አለ። መወሰን አለ። የተወሰነው መፈጸሙን መከታተል አለ። ጥናቱ ውስጥ ውሳኔውን አብዛኛውን ጊዜ ባልና ሚስት አብረው ነበር የሚያደርጉት። አስቀድሞ ማየቱና መከታተሉ ግን በብዛት ሴቶቹ ላይ ወድቆ ተገኘ።

በአንድ የልጅ ጫማ ላይ እንየው። ልጁ ሲራመድ ጣቱን እጥፍ እንደሚያደርግ ያየው ማን ነው? ቁጥሩ ስንት እንደሆነ፣ የት እንደሚገኝ ያጣራው ማን ነው? «ይኼኛው ይሁን» ያለውስ? ከሦስት ቀን በኋላ ተረከዙን ልጦት እንደሆነ ካልሲውን አውልቆ ያየው ማን ነው? ገንዘቡን የከፈለው አባት «ጫማ ገዛሁለት» ይላል። እውነቱን ነው፣ ገዝቷል። ግን ከአራቱ አንዱ ላይ ነው የነበረው።

ስለዚህ ስትቀያየሩ የተቆራረጠ ሥራ አትውሰዱ። አንድ ሙሉ ዘርፍ ውሰዱ። «እኔ ልጆቹን ከትምህርት ቤት አመጣለሁ» አይበቃም። «የልጆቹ ትምህርት ቤት ነገር በሙሉ የእኔ ነው» በሉ። በዚህ ውስጥ ግሩፑን ማንበብ፣ የቤት ሥራ ማየት፣ ምሳ ዕቃ፣ ዩኒፎርም፣ ካርቶን፣ አስተማሪ ሲደውል ስልክ ማንሳት፣ ልጅ ሲያመው ከሥራ ፈቃድ መጠየቅ ጭምር አለ። በሌላ በኩል «የቤቱ ገንዘብ በሙሉ የእኔ ነው» ሲባል መክፈል ብቻ አይደለም። ከየትኛው ቀንሶ ለየትኛው እንደሚሞላ ሌሊት ማሰብም አለበት። አንድ ወይም ሁለት ዘርፍ ይበቃል። ቤቱን በሙሉ በአንድ ጊዜ ከገለበጣችሁት ማንም ምንም ሳይማር ትደክማላችሁ።

3. ርክክብ አድርጉ

የመሥሪያ ቤት ሰው ፈቃድ ሲወጣ ለሚተካው ሰው ያስረክብ የለ? እንደዚያ ነው። 40 ደቂቃ ወስዳችሁ ተቀመጡ። የሚያስረክበው ሰው ቀጠሮዎችን፣ የስልክ ቁጥሮችን፣ የመድኃኒት መጠንንና ሰዓትን፣ የይለፍ ቃል፣ ዕቃ የሚቀመጥበትን ቦታ ይስጥ። የትምህርት ቤት ግሩፕ ካለ ተረካቢው ይግባ፣ አስረካቢው ማሳወቂያውን ያጥፋ። ይህች ትንሽ ነገር ብዙ ትለውጣለች። መልእክት በገባ ቁጥር ስልኳ የሚጮኸው የእሷ ከሆነ አእምሮዋ እረፍት አላገኘም።

ምን እንደሚሠራ ንገሩ እንጂ እንዴት እንደሚሠራ አትዘርዝሩ። ከዚያ የማይታለፉ የምትሏቸውን ከሦስት እስከ አምስት ነገሮች አብራችሁ ወስኑ። መድኃኒት በሰዓቱ፤ ልጅ ብቻውን አይቀመጥም፤ ኪራይ ቀኑ አያልፍም። ከእነዚህ ውጭ ያለው አሠራር የተረካቢው ነው። ሸሚዝ በሌላ ዓይነት ቢታጠፍ ሸሚዝነቱን አያጣም።

ስለ ጥያቄም ተነጋገሩ። እኛ ቤት የያዝነው ደንብ ቀላል ነው፦ «እሷ ባትኖር ይህን ማንን እጠይቅ ነበር?» ብዬ መጀመሪያ ራሴን እጠይቃለሁ። መልስ ካለው እዚያ እሄዳለሁ። ማጠቢያ ማሽኑ እንዴት እንደሚሠራ ለማወቅ የማሽኑ መመሪያ አለ። ነገ ፈተና እንዳለ ለማወቅ ልጁ ራሱ አለ።

ለልጆቹም ንገሯቸው። «ከሰኞ ጀምሮ ስለ ትምህርት ቤት አባትን ነው የምትጠይቁት» ተብሎ በሁለታችሁም አፍ ይነገራቸው። ያለዚያ አባታቸው አጠገባቸው ተቀምጦ «እማዬ!» እያሉ ሌላ ክፍል ድረስ ይሄዳሉ። ልጆች የሚሄዱት መልስ ወደሚያገኙበት ነው።

4. ጊዜውን አታሳጥሩት

አንድ ቀን ያስደነግጣል። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 24 ቀን 1975 አይስላንድ ውስጥ 90 ፐርሰንት የሚሆኑ ሴቶች ለአንድ ቀን የውጭውንም የቤቱንም ሥራ አቆሙ። አባቶች ልጆቻቸውን ይዘው መሥሪያ ቤት ገቡ። አገሩ የሴቶቹን ሥራ ያየው በጎደለ ጊዜ ነው። ለአደባባይ ጥያቄ አንድ ቀን ትልቅ ነገር ነው፤ በማግሥቱ ግን ሴቶቹ ወደ ሥራቸው ተመልሰዋል። ለአንድ ቤት የሚበጀው ነገሩ እስኪሰለች ድረስ መቆየቱ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት አዲስ ነገር ስለሆነ ደስ ይላል፣ እንግዳ የመሆን ያህል ነው። ሸክሙ የሚታወቀው «ዛሬም?» ማለት ስትጀምሩ ነው።

ኖርዌይ እ.ኤ.አ. በ1993 ለአባቶች ብቻ የተለየ የ4 ሳምንት የወሊድ ፈቃድ ጀመረች። አንድሬያስ ኮትሳዳም እና ሄኒንግ ፊንሴራስ እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጡት ጥናት ሕጉ ከወጣ በኋላ የወለዱትን ትንሽ ቀደም ብለው ከወለዱት ጋር አነጻጸሩ። በቤት ሥራ ክፍፍል ላይ የነበረው ግጭት በ11 ፐርሰንት ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ልብስ ማጠብን እኩል የመካፈል ነገር ደግሞ በ50 ፐርሰንት ከፍ ያለ ነበር። ይህ የታየው ፈቃዱ ካለቀ ከዓመታት በኋላ መሆኑ ነው እኔን የገረመኝ።

ስለዚህ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ያዙ፤ ከቻላችሁ ወር። ገንዘብን የምትቀያየሩ ከሆነ የወሩ መጨረሻ ውስጡ መኖር አለበት። የወሩ መጨረሻ የሌለበት የገንዘብ ኃላፊነት ሒሳብ መጻፍ ብቻ ነው።

5. አፋችሁን ያዙ

ከሁሉም የሚከብደው ይህ ነው። ከሚሠራው ይልቅ ለሚያስረክበው ይከብዳል።

ባለቤትሽ ልጁን የተዘባረቀ ቀለም ያለው ልብስ አልብሶ ይወጣል። ሚስትህ ሂሳቡን አንተ ከምትከፍልበት ቀን አሳልፋ፣ ግን ገደቡ ሳይደርስ ትከፍላለች። ምላስ ይበላል። «ተይው እኔ ልሥራው» ለማለት ያምራል። ያን ጊዜ ዝም በሉ። ሌላው ወደ ሥራው ሲገባ በር ላይ ቆሞ እንደሚያጣራ ዘበኛ የሚሆን ሰው ሥራው ለዘላለም የእሱ ሆኖ ይቀራል፤ ከዚያም «ብቻዬን ነኝ» ብሎ ያዝናል። ተመራማሪዎችም ይህን ከልጆች አስተዳደግ ጋር አያይዘው ብዙ ጽፈውበታል።

የምትናገሩባቸው ሦስት ሁኔታዎች ብቻ ይሁኑ፦ ሰው ሊጎዳ ከሆነ፣ መድኃኒት ከተሳሳተ፣ ወይም በኋላ የማይመለስ ነገር ሊበላሽ ከሆነ። የተረሳ ካርቶን ከሦስቱ አንዱም አይደለም። ባለቤቴ ያን ማታ «አልጋው ሥር አለ» ብትለኝ ኖሮ አመስግኜ ወስጄ እተኛ ነበር። ያ ካርቶን እንዴት እዚያ እንደሚገኝ ግን እስከ ዛሬ አላስብበትም ነበር።

እንደገናም አትሥሩት። ያጠፈውን አጣጥፋችሁ፣ ያጠበችውን መልሳችሁ ካጠባችሁ ቃል ሳትናገሩ «አትችልም» ብላችኋል። ይህን ልጆችም ያዩታል።

6. ማታ 10 ደቂቃ

ስልክ ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡ። አንዱ ይጠይቅ፣ ሌላው ይመልስ፣ ከዚያ ቦታ ቀይሩ። የእኛ ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው፦

«ዛሬ ማንም ያላየልሽ ምን ሠራሽ?»
«ሌላ ነገር እየሠራሽ በልብሽ ስታስቢው የዋልሽው ምን ነበር?»
«እኔ ይህን ስሠራ ምን ይሰማኝ ነበር ብለሽ ታስቢያለሽ?»

ሦስተኛዋ ጥያቄ ውስጥ መድኃኒት አለ። መልሱ የተሳሳተ ከሆነ ሌላው ያርመዋል። «አይ፣ እኔን የሚያደክመኝ ምግቡን መሥራቱ አይደለም፤ ነገ ደግሞ ምን ልሥራ የሚለው ነው» ብላኛለች ባለቤቴ በሁለተኛው ሳምንት። ስንት ዓመት ሙሉ «ደክሞሻል፣ ዛሬ እኔ ዕቃውን ልጠብ» እያልኩ ላግዛት ስል የኖርኩት የማያደክማትን ነገር ነበር።

ሲሰሙ ምክር መስጠት ክልክል ነው። ራስን መከላከልም እንደዚሁ። «እኔስ ብትሆን?» የሚለው ከመጣ የሌላው ተራ ሲደርስ ይነገር።

በሳምንት አንድ ጊዜ ደግሞ ወንበር ተቀያየሩ። እንዲያው በምር፣ ተነሡና እሷ ከተቀመጠችበት ተቀመጥ። እሷን ሆነህ «እኔ» እያልክ ሳምንቱን አውራ። እሷም አንተን ሆና ታውራ። ይህ ከእኔ የመጣ አይደለም። ሳይኮድራማ የተባለውን የሕክምና ዘዴ የጀመሩት ያኮብ ሞሬኖ (1889–1974) ሚና መገለባበጥን ከዋና መሣሪያዎቻቸው አንዱ አድርገው ይጠቀሙበት ነበር። በመጀመሪያ ያሳፍራል፣ ሳቅም ይመጣል። ሳቁ ይውጣና ቀጥሉ። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቁ፦ ድምፅን ማስመሰልና ማሾፍ አይፈቀድም። አንዱ ሲሾፍበት ሌላው በሚቀጥለው ሳምንት አፉን አይከፍትም።

7. የማይቀያየር ሥራ ሲሆን

የመሥሪያ ቤት ሥራን መቀያየር አይቻልም። ነርስ ባሏን ተረኛ አድርጋ አትልክም፤ ሾፌርም መሪውን ለሚስቱ አይሰጥም። ለዚህ የሚሆነው መጠየቅ ነው፣ ግን «ዋልክ?» «ደህና» አይደለም። አንድ የሥራ ቀን ምረጡና ከመነሻው እስከ መመለሻው በሰዓት በሰዓት ያውራላችሁ። ቢሮ ሲገባ መጀመሪያ ማን አናገረው? ምሳ የት ተቀምጦ በላ? ቀኑን ሙሉ ቆሞ ከነበረ እግሩን የሚያመው የት ጋ ነው? አለቃ ተቆጥቶት ወደ ቤት ሲመጣ ደጅ ላይ ቆሞ ፊቱን እንዴት ያስተካክላል? እንዲህ ዓይነት ዝርዝር «ሥራ በዛብኝ» ከሚለው ቃል በላይ ይናገራል። ቤት የምትውለውም ቀኗን እንደዚሁ በሰዓት በሰዓት ታውራ፤ «ቤት ነበርኩ» በሚል ቃል ውስጥ ስንት ነገር እንደሚደበቅ ያኔ ይታያል።

የሚበላሽበት ቦታ

«አየሽ? ይኼን ያህል ከባድ አይደለም» የምትለዋ ዓረፍተ ነገር ሁሉን ታፈርሳለች። ለእናንተ ሁለት ሳምንት ቀሎ ሊሆን ይችላል። ሁለት ሳምንት ማብቂያው የሚታወቅ ነው፤ እሷ ይዛው የኖረችው ማብቂያ የለውም። ይህን ልዩነት ጮክ ብላችሁ ለራሳችሁ ንገሩት።

ሌላው ምስጋና መጠበቅ ነው። እኔ በመጀመሪያው ሳምንት ወጥ ቤቱን አጽድቼ ባለቤቴ እስክታየው ቆሜ እጠብቅ ነበር። ሳታየው ስታልፍ ከፋኝ። ከፍቶኝ ቁጭ ባልኩበት ነው «እሷን ስንት ቀን አይቼ አላለፍኳትም?» የሚለው የመጣልኝ። እንዲህ ሲከፋችሁ አትጣሉ፤ ያን ስሜት ለማታው 10 ደቂቃ አስቀምጡት። ከእሱ የተሻለ የምትነጋገሩበት ነገር አታገኙም።

ልጆች ያወዳድራሉ። «እማዬ እንዲህ አታደርግም» ይላሉ። «እማዬ በእሷ መንገድ፣ እኔ በእኔ» ብሎ ማለፍ በቂ ነው። ዘመድ አዝማድ አስተያየት ከሰጠ መልስ የሚሰጠው ዘመድነቱ የእሱ የሆነው ሰው ይሁን። ለእሷ እናት እሷ፣ ለእኔ እናት እኔ።

8. ሲያበቃ ሁሉን አትመልሱ

የመጨረሻው ቀን ላይ ወረቀቶቹን እንደገና አውጡ። ያን መስመር ዳግመኛ አስምሩ፣ ምልክቱ የት እንደሄደ እዩ። ከዚያ ሥራዎቹን አንድ በአንድ አንሱና ወስኑ፦ ወደ ነበረበት የሚመለስ፣ አዲሱ ሰው ጋ የሚቀር፣ በተራ የሚሠራ፣ ወይም ጨርሶ የሚቀር። አንዳንድ ሥራ የሚሠራው ሲሠራ ስለኖረ ብቻ ነው። የአልጋ ልብስ መተኮስ እኛ ቤት በዚያ ቀን ቀረ። ማንም አልጠየቀውም።

ባለቤቴ ተረክባ የነበረው የቤቱን ገንዘብ ነው። በሦስተኛው ሳምንት ማታ ደብተሬን ይዛ መጣች። የወሩን ወጪ የምጽፍበት ደብተር ነው። በጣቷ አንድ ቃል ላይ ነካች፦ «መነጽር»። ገጽ ገለጠች። በሚቀጥለውም ወር «መነጽር» ተጽፎ ተሰርዟል። በሚቀጥለውም። ለሰባት ወር ያህል ከወር ወደ ወር ሳሻግረው ኖሬአለሁ። አንዴ የልጆቹ ክፍያ፣ አንዴ የተሰበረ ቧንቧ፣ አንዴ ሌላ ነገር ይቀድመዋል። «ማታ ማታ ዓይንህን የምታሸው እንቅልፍ መስሎኝ ነበር» አለችኝ። ከዚያ ብዙ አላወራንም። ደብተሩን ጭኗ ላይ እንደያዘች ቁጭ አለች።

ያን ወር መነጽሩ ተገዛ። እኛ ከተነጋገርን በኋላ የትምህርት ቤቱ ነገር እኔ ጋ ቀረ፤ ገንዘቡን ግን አሁን በወሩ መጨረሻ ቅዳሜ አብረን ተቀምጠን ነው የምንሠራው። ቀጣዩን ልውውጥ ከስድስት ወር በኋላ ብለን ቀን ቆርጠንለታል። እናንተም ከመነሣታችሁ በፊት ቀኑን ጻፉ፤ ካልተጻፈ ይረሳል። አልጋ ሥር ያለው ካርቶን ከሁለት ሲጎድል የሚተካው የእኔ ሥራ ነው። ትናንት አንዱ ወጥቷል፣ ዛሬ ከሥራ ስመለስ ይዤ እገባለሁ።